ወደ ምሥራቅ ዞሮ የሚባለው

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ እኅቴ፣ ለእትዬ እህተማርያም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ጆሮሽስ? ጎረቤቱ፣ ግቢው፣ ያቺ መታለብ የማትወድ ላም፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ የያዘው ሱፍዋን ይባላል፤ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ፣ ሞያሌ የሚመላለስ ወዳጄ ነው። ከሞያሌ ወደ ዲላ ለሚነዳ ዘመዱ ይሰጠዋል። ስሰጠው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ሰው ሁሉ ዋትሳፕ ላይ ነው፤ አንተ ፖስታ ታሽጋለህ?» እኅቴ ስልክ አይሰማትም፤ የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ እንዲያነብላትም አልፈልግም አልኩት። «በላ ሚስጥር ነው» ብሎ ኪሱ ከተተው።

ነው።

ስለ ሀሴት ባለፈው ጽፌልሽ ነበር። እዚህ ፓርክላንድስ እኔ በማስተዳድረው ምግብ ቤት ሂሳብ የምትቀበለዋ ልጅ። ባሏ ሱራፌል ሆዷ ሳይገፋ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። መስከረም ሃያ ዘጠኝ ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙን ሚዛን አለችው። ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎም ተኝታ መተንፈስ አቃታት። ልቧ ከልጅነቷ ጀምሮ የታመመ ነበር፤ ወሊዱ አባሰው። ኅዳር መጨረሻ ላይ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ሐኪሙ ስለ ተስፋዋ ሲነግረኝ ቃል ሲመርጥ አየሁት።

እዚህ አገር ዘመድ የላትም። ባለፈው ሳምንት ልጁን ደረቷ ላይ አድርጋ፣

«ይድኔ፣ ክርስትና አባቱ አንተ ነህ» አለችኝ።

«ከእኔ የሚሻል ሰው...»

«የሚሻለው ሰው ነው ሆስፒታል ያመላለሰኝ? ለስም የሚቆም አልፈልግም። እኔ ካልተነሳሁ ልጁ ያንተ ነው ማለት ነው። አርባ ቀኑ ኅዳር ስምንት ይሞላል። ነጠላ አለህ አይደል?»

ነጠላ አለኝ።

ልጁን ስለ መውሰድ አላመነታሁም፤ ይህን እመኚኝ። ያመነታሁት በሌላው ነው። ክርስትና አባት ሕፃኑን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ይዞርና ሰይጣንን ይክዳል፤ ወደ ምሥራቅ ይዞርና አምናለሁ ይላል። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል በእሱ ፈንታ።

እኔ አላምንም፣ እትዬ።

ይኸው ጻፍኩት። ሌላ ሦስት ወረቀት ከወንበሩ ሥር ተጨማዷል። የሆነ ቀን የሆነ ነገር ደርሶብኝ አይደለም። ማንም አልሞተብኝ፣ ማንም አላታለለኝ። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ የከንፈሬን ድምፅ ሰማሁት፤ ከንፈር ብቻ ነበር። ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ። ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እየጠበቅኩ መሆኔም እየተረሳኝ ነው።

ለሀሴት አልነገርኳትም። ለማንም። ላንቺ የነገርኩሽ ሌላ የምነግረው ስለሌለኝ ነው። ምን ላድርግ?

ወንድምሽ ይድነቃቸው

*

ዲላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለይድነቃቸው፤

የሰማይና የምድር ጌታ ጤናህን ይጠብቅልህ። ስትወጣ ይቅደምህ፣ ስትገባ ይከተልህ። ከክፉ ሰው፣ ከመኪና፣ ከሰው አገር ሕመም ይሰውርህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላሟን ሸጥናት።

«እኔ ደህና ነኝ» ብለህ አለፍክ። ምስጋናውን ዘለልከው። እዚያ ላይ ቆምኩ። የቀረውን ሳላነብ ሆዴ ነገረኝ። ወረቀቱን አጥፌ ጓሮ ወጣሁ፤ ጎመኑን ስኮተኩት ቆይቼ ተመለስኩ። ወረቀቱ እንዳለ ነበር።

ምን ላድርግ ብለሃል። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ልከራከርህ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ደግ ሰው መሆንህን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩህ። ደግነት ግን ይደክማል፣ ይድኔ። ልጁ ሲታመም፣ ሲሰርቅ፣ ሲሰድብህ፣ አንተ ደግሞ ሚስት ስታገባና ሚስትህ ይህ የማን ልጅ ነው ስትልህ፣ ደግነትህ ደክሞት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ብድግ በል የሚልህ ማነው? እኔን የሚለኝ አለ። አንተን?

እናቱን አዝንላታለሁ። በጸሎቴ ስሟን እጠራለሁ። የማታውቀውን ሰው እያመነች ግን ልጇን ስትሰጥ ዝም ብዬ አላይም።

የንባብ መነጽሬ አንዱ እግሩ ተሰብሯል። ከተገኘ ላክልኝ። ካልተገኘ ይቅር።

እኅትህ እህተማርያም

*

ናይሮቢ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፤

መነጽሩ ከዚህ ጋር አለ። ጤናሽን ሳልጠይቅ ልጀምር ብል እጄ እምቢ አለኝ፤ ስለዚህ ጤና ይስጥልኝ።

ዝም ብዬ አላይም ያልሽው ይህን ነው?

ጋሽ ገብሬ ትናንት በምሳ ሰዓት መጡ። መሃል ከተማ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ላቪንግተን የሚኖሩት፣ የእናንተ የሰፈር ልጅ ገብሬ። ምግብ ቤቱ ሞልቷል። ኮታቸውን ሳያወልቁ ሂሳብ መቀበያው ጋ ቆሙ፤ ሀሴት ልጁን ታቅፋ ልትጠይቀን መጥታ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እኅትህ ጽፋልኛለች» አሉ።

«ምን ብላ?»

«አንተ የምታውቀውን። ልጄ፣ ልፈርድብህ አልመጣሁም። ኅዳር ስምንት ግን እኔ ነጠላዬን ለብሼ እገኛለሁ። ይህ ነገር ቀልድ አይደለም።»

ሀሴት ከእኔ ወደ እሳቸው፣ ከእሳቸው ወደ እኔ አየች። «የምን ነገር ነው ጋሼ?» አለች። እሳቸው መሬት አዩ። እኔ ነገርኳት። አስተናጋጆቹ ሰሙ። አንድ ደንበኛ ሹካውን አስቀመጠ።

እዚህ አገር ያለን ሐበሾች ስንት እንደሆንን አታውቂም፣ እትዬ። ማታ ኢስሊ ስሄድ ወሬው ሱፍዋን ጋ ቀድሞኝ ደርሷል። ያንቺንም ደብዳቤ፣ ለጋሽ ገብሬ የጻፍሽውንም ያመጣው እሱው ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ኪስ።

«ለመሆኑ ደብዳቤህን ለእኔ የምትሰጠኝ በምን አምነህ ነው?» አለኝ።

«በአንተ።»

«እኔ እኮ ያልከፈትኩት አላህን ፈርቼ ነው። ወደ ሞያሌ የሚወስደው የማርሳቢት መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃለህ? ባልፈራ ኖሮ እስከዛሬ በቃሌ እወጣው ነበር።» ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን መቀመጥ አቃተኝ።

ዛሬ ጠዋት ሀሴት ጋ ሄድኩ። አልጮኸችም። መጮህ አትችልም፤ ትንፋሽ ያልቅባታል።

«ልጁን ትወስደዋለህ?»

«እወስደዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው።»

«እና ምን ቸገረህ? ቄሱ የሚልህን በልና ና።»

«ሰይጣንን መካዱ አይቸግረኝም...»

«ጎበዝ! ግማሹን ጨረስክ።» ልትስቅ ስትል አሳላት። ሲለቃት፣ «ቆይ፣ ሰሚ የለም ካልክ የምትዋሸው ለማን ነው?» አለችኝ።

ለልጁ በምገባለት ቃል የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ከሆነ ሁለተኛውን ማን ያምነዋል ብዬ አስባለሁ። ደግሞ ይህ ሐሳብ የራሴን ፊት በመስታወት ማየት ብቻ ይሆን እላለሁ። እሷ ልጅ አላት። እኔ ሐሳብ አለኝ።

አምስት ቀን ቀርቷል። መልስሽ እንደማይደርስ አውቃለሁ።

ይድነቃቸው

*

ዲላ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይድነቃቸው፤

እግዚአብሔር ቁጣህን ያብርድልህ። መነጽሩ ደረሰኝ፤ ያስነብባል። ያነበብኩበት ግን የመጀመሪያው ነገር የአንተ ቁጣ ሆነ።

አርባ ቀኑ አልፏል። ምን እንዳደረግክ አላውቅም። ቃሉን ብለኸው ከሆነ እፈራለሁ። ሳትለው ቀርተህ ከሆነም እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ነው ያስገባኸኝ።

ለገብሬ በመጻፌ ይቅርታ አልጠይቅህም። በሰው ፊት መናገሩ ግን ከእኔ አይደለም፤ ለብቻህ እንዲያገኝህ ነበር የጻፍኩት። እሱ ከድሮም ድምፁን መቀነስ አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ነግሬህ አላውቅም። እናታችን ስታርፍ አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ ሃያ። ይርጋለም የታጨሁለት ሰው ነበር። ልጅ ይዤ እንዳልመጣ ላከብኝ። ስለምወድህ የቀረሁ ይመስልሃል። አልወድህም ነበር፣ ይድኔ። ሌሊቱን ሙሉ ታለቅስ ነበር፤ ፊትህን ማየት ያስጠላኝ ነበር። የቀረሁት እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው። አንድ ቀን እናትሽ የተወችልሽን ምን አደረግሽው ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ ብዬ። መውደዱ በኋላ መጣ፤ አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ባይኖር ኖሮ መውደዱ የሚደርስበት ቤት አያገኝም ነበር።

ይህን የምነግርህ ላሳዝንህ አይደለም። አንተ ያለ እኔ ፍርሃት ዛሬ የት ነበርክ?

ደግሞ ሌላ ነገር። ሰሚ ከሌለ ቃሉን ማለት ለምን አስጨነቀህ? እኔ በዚህ ጭንቀትህ ተስፋ አደርጋለሁ። አትቆጣ።

እህተማርያም

*

ናይሮቢ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፤

ስለ ይርጋለሙ ሰው አሁን አልመልስልሽም። አነበብኩት። አጥፌ አስቀመጥኩት። ከዚህ በላይ አልችልም።

ኅዳር ስምንት የሆነውን ልንገርሽ።

ሄድኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ልጁን ታቀፍኩ። ጋሽ ገብሬ ከኋላዬ፣ ሀሴት አጠገቤ ወንበር ላይ። ከአፌ ምን እንደሚወጣ ሳላውቅ ነው የቆምኩት። ቄሱ የሚያውቁት ነገር እንዳለና እንደሌለ ፊታቸው አይናገርም። «ክርስትና አባቱ ማነው?» አሉ። ሀሴት በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ወደ ምዕራብ ዞርን። ቄሱ አሉ፤ እኔም አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

ወደ ምሥራቅ ዞርን። አሉ።

አፌን ከፈትኩ። እትዬ፣ ልዋሽ ፈልጌ ነበር፤ በእውነት። ልጁ ያዛጋል፤ ጣቱ ነጠላዬ ጥለት ውስጥ ገብቷል። ቄሱ ደግመው አሉ። ከኋላዬ ሴቶች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሀሴት በዝግታ፣ «በል እንጂ» አለች። ቄሱ ሦስተኛ አልደገሙም። ጋሽ ገብሬ በትከሻዬ በኩል እጃቸውን አምጥተው ልጁን ወሰዱት። ወደ ምዕራብ እንደገና ዞሩ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንዱን ቃል ሳያስቀሩ፣ ያለችኮላ አሉት። እኔ ባዶ እጄን ታቅፌ እዚያው ነበርኩ።

ውጪ፣ ዛፉ ሥር፣

«ሚስቴ አልተስማማችም» አሉኝ ጋሽ ገብሬ። «ሌላ ሕፃን ቤቴ አይገባም ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እኔም ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ግን አፌ ተናገረ። አለቀ።»

ሐሰተኛ ሰው ሆነው ባገኛቸው እንዴት ይቀለኝ ነበር።

ሀሴትን እስከ መኪናው አደረስኳት። በሩን ስዘጋላት፣ «ንጹሕ ሆነህ ቀረህ» አለች። «ደስ ይበልህ።»

ቀዶ ሕክምናው ኅዳር ሃያ ስድስት ነው።

ይድነቃቸው

*

ዲላ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለይድነቃቸው፤

አዳኙ ጌታ ሀሴትን በእጁ ይዳስሳት። የሐኪሞቹን እጅ ይምራ። ልጇን ለማየት፣ ለማሳደግ፣ ለመዳር ያብቃት። ሌሊት ሌሊት የምለው ይህን ነው፤ ጎረቤቶቼንም አስተባብሬያለሁ፤ ናይሮቢ ያለች አንዲት ልጅ ስም እዚህ ሰፈር የማይጠራ ቤት የለም።

ይህን የምታነብ ጊዜ ተነስታ ተቀምጣ ይሆናል። በትንሿ ጠርሙስ ጸበል ልኬላታለሁ። አንተ ባታምንበትም እንዳታፈሰው፤ በእጇ ስጣት።

ለገብሬ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። የዚያን ቀን ባለመዋሸትህ ተደስቼ ነበር። ቆይቼ ደግሞ ልጅቷን አሰብኩ። መደሰቴ ከበደኝ።

ከአጠገቧ አትራቅ። ባትፈልግህም።

እኅትህ

*

ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፤

ሀሴት ኅዳር ሃያ ሰባት፣ ከቀዶ ሕክምናው ማግስት አረፈች። ስትጸልዩላት ተቀብራ ነበር።

ጠርሙሱን ለጋሽ ገብሬ ሰጠኋቸው። አላፈሰስኩትም።

ወደ ቀዶ ሕክምናው ከመግባቷ በፊት አስጠራችኝ። ይቅር ልትለኝ መስሎኝ ነበር። «ልጁ ጋሽ ገብሬ ጋ ይሁን» አለች። «እንዳትከራከረኝ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ጥሩ ሰው ግን እንቅልፍ አይሰጠኝም። እሳቸው ይፈራሉ። የሚፈራ ሰው ነው የሚያስተኛኝ።»

«እሺ» አልኳት።

«የሚያስፈራህ ነገር ቢኖር ላንተ እሰጥህ ነበር» አለች። ከዚያ ወሰዷት።

ልጁ ላቪንግተን ነው። በቀብሩ ሳምንት ልብሱን ላደርስ ሄድኩ። የጋሽ ገብሬ ሚስት በር ከፍተው «ግባ» አላሉኝም፤ «አትግባ»ም አላሉኝም። ትልቋ ልጃቸው ምርቃት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገችው፣ ከፎቅ፣ «ዳዲ፣ ምቶቶ አናሊያ!» እያለች በስዋሂሊ ትጮሃለች። ሕፃኑ ያለቅሳል። ሠራተኛዋ የዚያን ዕለት ቀርታለች። ማንም ሳይጠይቀኝ ውሃ አሞቅኩ፤ አጠብኩት። በማግስቱም ሄድኩ። አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት፣ በማታቱ ታክሲ ሁለት መኪና ቀይሬ እሄዳለሁ። ጋሽ ገብሬ ሻይ እየጠጡ ያዩኛል። አንድ ቀን፣ «ምን ልትሆነው ነው የምትመጣው?» አሉኝ። ክርስትና አባቱ አይደለሁም። ዘመዱ አይደለሁም። ለሀሴትም የገባሁላት ቃል የለም፤ አልተቀበለችኝም። «ላጥበው ነው» አልኳቸው።

«እጠበዋ» አሉ።

ጻፊልኝ።

ይድነቃቸው

*

ናይሮቢ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፤

ሱፍዋን ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፤ ከአንቺ ምንም የለም። «ወረቀት አልቆባት ይሆናል» ይላል። አንቺን አያውቅሽም። ታመሽ ይሆን? ወይስ የምትይው ጠፍቶሽ? ዝምታሽን እየተረጎምኩ መሽቶ ይነጋል።

አንድ ነገር ልንገርሽና እንደፈለግሽ አድርጊው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት መሄድ አልፈለግኩም። ዝናብ ነበር፤ ግን ዝናቡ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ልጁ ትኩሳት ነበረው፤ ሲያየኝ ፊቱን አዙሮ ሠራተኛዋ ደረት ውስጥ ሸጎጠ። ምን ያደርግልሃል አልኩ ለራሴ። የማንም አይደለህም። ብትቀር የሚጠይቅህ የለም። ጋሽ ገብሬ እንኳ ቀረ ብለው ሻያቸውን ይጠጣሉ።

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ያንቺን ጥያቄ አስታወስኩ፤ ብድግ በል የሚልህ ማነው ያልሽውን። እስቲ ልየው ብዬ ሆን ብዬ ጠበቅኩ። ከውጪ ምንም አልመጣም። ከውስጥም ድምፅ አልነበረም፤ ፍቅርም አልነበረም፤ እሱን ብዋሽሽ ደስ ይልሽ ይሆናል። ዝናቡ ብቻ። ጥቂት እንደቆየሁ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ መሆኔን አየሁ። ማን እንዳሳሰረኝ አላውቅም። ሄድኩ። ትኩሳቱ ለቆት ነበር።

ይህ መልስ አይደለም። የሆነው ይህ ስለሆነ ነው የጻፍኩልሽ።

ይድነቃቸው

*

ዲላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

አልታመምኩም። ለዚያች ልጅ ይህን ያህል ጸልየን ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቅ ነበር። የምጠይቀው አንተን ስላልሆነ አልጻፍኩልህም። እስካሁን አልተመለሰልኝም። መጠየቄንም አልተውኩም።

ጫማህን ማን እንዳሳሰረህ እኔ የምለውን ታውቀዋለህ። አንተ የምትመልስልኝንም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ወረቀት አንጨርስበት።

እኔን ያቺ ጠዋት አታስፈራኝም። ሕፃን ነው፤ ሲታጠብ ይስቃል፤ ትኩሳቱም ይለቀዋል። የሚያስፈራኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ፊትህ ቆሞ «አንተ ደግሞ ምኔ ነህ?» የሚልህ ቀን ነው። ለገብሬ ቀላል ነው፤ አፌ ተናግሯል ይላል። አንተ ምን ትለዋለህ? ያን ቀን እኔ አልኖርም። ብኖርም አልሰማም።

እግዚአብሔርን ፍራ አልልህም፤ ብልህም አትፈራም። እናትህን ፍራ እንዳልልህ አታስታውሳትም። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። ያልሄድክበት ጠዋት የመጣ እንደሆነ ጻፍልኝ። ማታቱ ጠፋ አትበል። ሥራ በዛ አትበል። «ዛሬ አልሄድኩም» ብለህ ብቻ ጻፍ። አልዋሽም ብለህ ልጅ ያጣህ ሰው ነህ፤ እኔንም አትዋሸኝ።

ሱፍዋን ሞያሌ በመጣ ቁጥር የዘመዱን መኪና ቆሜ እጠብቃለሁ። ደብዳቤ ከሌለህ፣ ወደ ልጁ ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

እህተማርያም